ፊልጶስ ወደ ሠረገላው ወጣ፤ ስብከተ ወንጌል በትናንትናና በዛሬ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

 

ብዙዎቻችሁ በተለያየ ቃል አንድ ጥያቄ ትጠይቁኛላችሁ። «አባታችን፣ ድሮ ወንጌል የሚሰበከው በዐውደ ምሕረት ነበር። ዛሬ በቴሌግራም፣ በዩቲዩብና በቲክቶክ ሆነ። እኔ ሥራዬን እየሠራሁ ቀኑን ሙሉ ትምህርት እሰማለሁ። ታዲያ ዓርብ ወደ ጉባኤ ባልመጣ ምን ይጎድልብኛል?» ትላላችሁ። ጥያቄው ቀላል አይደለም። መልሱን ለማግኘት ወንጌል በአባቶቻችን ዘመን እንዴት ይሰበክ እንደ ነበረ፣ በእኛ ዘመን ምን እንደ ተለወጠና ምን ሊለወጥ እንደማይችል በቅደም ተከተል እንማር።

፩. ስብከተ ወንጌል ምንድን ነው?

ሰበከ ማለት በግእዝ ዐወጀ፣ አስተማረ ማለት ነው። ወንጌል ደግሞ የምሥራች ነው። ስለዚህ ስብከተ ወንጌል ማለት የምሥራቹን ማወጅ፣ ማስተማር ማለት ነው።

ነገር ግን ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በገሊላ ተራራ ላይ ለሐዋርያት የሰጣቸውን ትእዛዝ ልብ በሉ (ማቴ. 28፥19-20)። በዚያ ትእዛዝ ውስጥ አራት ነገሮች አሉ። መሄድ አለ። ደቀ መዝሙር ማድረግ አለ። በሥላሴ ስም ማጥመቅ አለ። ያዘዘውን ሁሉ እንዲጠብቁ ማስተማር አለ። ማሰማት ከእነዚህ ሁሉ የመጀመሪያው በር ነው፤ ቤቱ ግን ከበሩ ወዲያ ነው። ሰሚ በአንድ ቀን ይገኛል፤ ደቀ መዝሙር ዓመታት ይፈልጋል። የዛሬውን ትምህርት በዚህ ሚዛን እየመዘናችሁ ተከተሉኝ።

፪. መንገደኛው አንባቢ

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ከቁጥር 26 እስከ 40 የተጻፈውን የኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ታሪክ ሁላችንም እናውቀዋለን። የንግሥት ሕንደኬ ሹም፣ በገንዘብዋ ሁሉ ላይ የሠለጠነ ባለሥልጣን ነው። ለመስገድ ኢየሩሳሌም ደርሶ ሲመለስ በሠረገላው ላይ ተቀምጦ የነቢዩ ኢሳይያስን መጽሐፍ ያነብ ነበር።

ይህን ሰው ከእኛ ጋር አስተያዩት። መንገደኛ ነው፤ ከአገሩ ርቋል። ቅዱስ መጽሐፍ በእጁ አለ፤ በዚያ ዘመን ጥቅልል መጽሐፍ በግሉ የያዘ ሰው እጅግ ጥቂት ነበር። ያነባል። ነገር ግን ፊልጶስ ያስተዋለ እንደ ሆነ ሲጠይቀው፣ የሚመራው ሰው ሳይኖር እንዴት ሊያስተውል እንደሚችል መልሶ ጠየቀው። መጽሐፍ አላጣም፤ ሰው ነበር ያጣው።

ፊልጶስ ምን አደረገ? በመንገድ ዳር ቆሞ እየጮኸ ሠረገላውን አላሳለፈም። ሮጦ ደረሰ፤ ወጥቶም አብሮት ተቀመጠ። ጃንደረባው ከደረሰበት ቃል ጀመረ፤ ከዚያ ተነሥቶ ስለ ኢየሱስ ሰበከለት፤ ውኃ ካለበት ሲደርሱ ወርደው አጠመቀው። አራቱም ነገሮች በአንድ መንገድ ላይ ተፈጸሙ። መሄድ አለ፣ ማስተማር አለ፣ ማጥመቅ አለ፣ ደቀ መዝሙር ማድረግ አለ።

ሌላም ምሥጢር አለ። ከተጠመቀ በኋላ የጌታ መንፈስ ፊልጶስን ነጠቀው፤ ጃንደረባውም ደስ እያለው መንገዱን ሄደ። አንድም ደስታው ከሰባኪው ጋር እንዳይሄድ ነው፤ አንድም ሰባኪ ሰውን ወደ ክርስቶስ እንጂ ወደ ራሱ እንዳይሰበስብ ለማስተማር ነው። በተከታይ ብዛት ለምንመዘን ለዛሬ አገልጋዮች ይህ ታላቅ ተግሣጽ ነው።

፫. አባቶቻችን እንዴት ሰበኩ?

አገራችን ወንጌልን የተቀበለችበትን መንገድ ስናይ በመጀመሪያው ረድፍ የምናገኘው በሰው ቤት ያገለገለ ስደተኛ ነው። ፍሬምናጦስና ወንድሙ ኤዴስዮስ ከጢሮስ የመጡ ልጆች ነበሩ። መርከባቸው በቀይ ባሕር ወደብ ጥቃት ደርሶባት አብረዋቸው የነበሩት ተገደሉ፤ እነርሱ ግን ተማርከው ወደ አክሱም ንጉሥ ቀረቡ። ኤዴስዮስ የንጉሡ መጠጥ አሳላፊ፣ ፍሬምናጦስ ደግሞ የንጉሡ ጸሐፊና የመዝገብ ኃላፊ ሆኑ።

በሰው አገር፣ በሰው ቤት፣ በሰው ትእዛዝ ሥር ሆኖ ፍሬምናጦስ በታማኝነት አገለገለ። ንጉሡ ሲሞት ንግሥቲቱ ልጇ እስኪያድግ ድረስ እንዲቆዩ ለመነቻቸው። እርሱም በዚያ ጊዜ ለንግድ የመጡትን ክርስቲያኖች ፈልጎ ሰበሰባቸው፤ የሚጸልዩበትን ቦታ እንዲያዘጋጁ አበረታታቸው። ልብ በሉ፤ ስብከቱ የተጀመረው በአዋጅ ሳይሆን የተበተኑትን አማንያን በመሰብሰብ ነው። በኋላም ኤዴስዮስ ወደ ጢሮስ ሲመለስ እርሱ ወደ እስክንድርያ ወርዶ ቅዱስ አትናቴዎስን ጳጳስ ይሾምላቸው ዘንድ ለመነ፤ አትናቴዎስም እርሱን ራሱን ሾሞ ላከው። አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የምንለው እርሱ ነው። በንጉሥ ኢዛና ገንዘብ ላይ ቀድሞ የነበረው የጨረቃና የክበብ ምልክት በመስቀል የተተካው በዚያው በ4ኛው መቶ ዓመት ነው።

ከዚያ በኋላ ተስዓቱ ቅዱሳን መጡ። ቅዱሳት መጻሕፍትን ወደ ግእዝ በመተርጎም ደከሙ፤ እንደ ደብረ ዳሞ ያሉ ገዳማትን መሠረቱ። ከሌላ አገር መጥተው የሕዝቡን ቋንቋ ተማሩ እንጂ ሕዝቡ የእነርሱን ቋንቋ እስኪማር አልጠበቁም። በ13ኛው መቶ ዓመት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከሐይቅ እስጢፋኖስና ከደብረ ዳሞ የገዳም ትምህርት በኋላ በሸዋና በዳሞት ወንጌልን አስተማሩ።

የአብነት ትምህርት ቤትስ? ከንባብ ቤት ወደ ዜማ ቤት፣ ከዜማ ቤት ወደ ቅኔ ቤት፣ ከቅኔ ቤት ወደ መጻሕፍት ቤት የሚወስደው መንገድ ረጅም ነው። ደበሎ ለብሰን፣ ቁራሽ ለምነን፣ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጠን የተማርን እናውቀዋለን። መጽሐፉን በግእዝ ያነቡልናል፤ በአማርኛ አንድም እያሉ ያመሠጥሩልናል። ተማሪው ቃሉን ብቻ አይወስድም፤ መምህሩ እንዴት እንደሚጾም፣ ሲቆጣ እንዴት እንደሚታገሥ፣ እንግዳን እንዴት እንደሚቀበል እያየ ያድጋል።

ምእመኑ ደግሞ የራሱ ትምህርት ቤት ነበረው። በየወሩ በቅዱሱ መታሰቢያ ቀን የሚሰበሰበው የጽዋ ማኅበር አለ። የንስሐ አባት ዞሮ የሚጠይቀው ቤተሰብ አለ። ማን እንደ ታመመ፣ ማን ከማን እንደ ተጣላ፣ ማን ከቁርባን እንደ ራቀ ይታወቃል።

ይህን ስል ያለፈው ሁሉ ሙሉ ነበር ማለቴ አይደለም። ሕፃናት በ40 እና በ80 ቀን ተጠምቀው ከዚያ በኋላ አስተማሪ ያላገኙባቸው አጥቢያዎች ብዙ ናቸው። ቅዳሴውን በግእዝ ሰምቶ ትርጉሙ ሳይገባው ያረጀ ምእመን አለ። አማርኛ የማይሰማ ገበሬም በቋንቋው የሚያስተምረው ካህን አጥቶ ኖሯል። በቋንቋ የማገልገል ጉዳይ እስከ ዛሬ ድረስ ቤተ ክርስቲያናችን የምትደክምበት ሥራ ነው።

፬. በእኛ ዘመን ምን ተለወጠ?

በመጀመሪያ መጽሐፍ በየቤቱ ገባ። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ብዙ ሰው ቃሉን በራሱ ቋንቋ እንዲያነብ አደረገ። ቀጥሎ የአየር ሞገድ መጣ። በሉተራውያን የተቋቋመው ብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ በ1955 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ማሰራጨት ጀምሮ ደርግ በ1969 ዓ.ም. እስኪወርሰው ድረስ ድምፁ ሩቅ ይሰማ ነበር። የእኛም አባቶች ወጣቱን በሰንበት ትምህርት ቤት ማደራጀት ያዙ። በ1983 ዓ.ም. ለጦር ሥልጠና ወደ ብላቴ የተላኩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በካምፑ ውስጥ ለጸሎት ይሰበሰቡ ነበር፤ ከእነዚያና ከሌሎች የተማሪ ጉባኤያት በ1984 ዓ.ም. ማኅበረ ቅዱሳን ተመሠረተ። የከተማ አጥቢያዎች የሠርክ ጉባኤ ጀመሩ። ካሴት መጣ፣ ሲዲ መጣ፣ ቴሌቪዥን መጣ፤ አሁን ደግሞ ስልክ።

ለምን ይህ ሁሉ አስፈለገ? አንድ ቁጥር ልንገራችሁ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 50.6 በመቶው ኦርቶዶክስ ነበር። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ 43.5 በመቶ ሆነ። በእነዚያው ዓመታት የፕሮቴስታንቱ ቁጥር ከ10.2 ወደ 18.5 በመቶ ገደማ ከፍ ብሏል። ይህን የምጠቅሰው በማንም ላይ ቂም እንድትይዙ አይደለም። እረኛ በጎቹ ሲጎድሉ በመጀመሪያ የሚፈትሸው የራሱን በረት ነው። ካልተማረው ምእመን ብዙው የሄደው ተከራክሮ ተረትቶ አይደለም፤ አጠገቡ ቁጭ ብሎ ስሙን የጠራው ሰው ሌላ ቦታ ስላገኘ ነው።

ወደዚህ አገር ስንመጣ ለውጡን በዓይናችን ያየነው በወረርሽኙ ጊዜ ነው። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኩዌት የጸሎት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ። የዚያን ዓመት ትንሣኤ፣ ሚያዝያ 11 ቀን፣ ያሳለፍነው በር ዘግተን ነው። በግንቦት ወር ሙሉ የሰዓት እላፊ ታወጀ። ዛሬም በሚሽሪፍ ኤግዚቢሽን ግቢ በኩል ስናልፍ ያ ዘመን ትዝ ይለናል፤ ታኅሣሥ 15 ቀን 2013 ዓ.ም. የአገሩ ክትባት የተጀመረው እዚያ ነበርና። በእነዚያ ወራት ስልክ ባይኖር ኖሮ ስንቱ ሰው በብቸኝነት በተሰበረ ነበር! ስለዚህ ስልክን አንሰድብም። ቅዱስ ጳውሎስ የሮምን መንገድ እንደ ተጠቀመበት እኛም እንጠቀምበታለን።

፭. ስልክ የሚችለውና የማይችለው

ስልክ ቃሉን ያሰማል። ከዋናው ቤት ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል ለምትኖር፣ ዓርብ ዕረፍት ላልተሰጣት እኅት፣ በሌሊት በጆሮ ማዳመጫ የምትሰማው ግማሽ ሰዓት ትምህርት እንደ መና ነው። እምነት ከመስማት እንደ ሆነ ሐዋርያው ለሮሜ ሰዎች ጽፏል (ሮሜ 10፥17)። መስማቷን እግዚአብሔር ይባርክ።

ስልክ የማይችለው ግን ብዙ ነው። ሥጋ ወደሙ በስልክ አይሰጥም። ጥምቀት በስልክ የለም። ስልክ አንቺ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ሳትታዪ ስትቀሪ «የት ሄደች?» ብሎ አይጨነቅም። ስትታመሚ ሾርባ ይዞ አይመጣም። በልብሽ ያለውን ሐዘን ከዓይንሽ አያነብም። ጃንደረባው ጥቅልሉን እንደ ያዘ፣ እኛም ስልኩን ይዘናል፤ ወደ ሠረገላው የሚወጣው ሰው ግን አሁንም ያስፈልገናል።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን በጥብቅ አሳስባችኋለሁ።

የመጀመሪያው፣ ኃጢአታችሁን በድምፅ ቀድታችሁ ለማንም አትላኩ። ምክር በስልክ ይጠየቃል፤ ንስሐ ግን በካህን ፊት ነው። የተላከ ድምፅ ተመልሶ አይሰበሰብም፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል፣ በሌላ ሰው እጅ ይገባል። መምጣት ካልቻላችሁ «ልናዘዝ እፈልጋለሁ» ብቻ በሉኝ፤ ጊዜና ቦታ እንፈልጋለን።

ሁለተኛው፣ በላይቭ ቀርቦ «ስምሽ ታይቶኛል፤ መተት ተደርጎብሻል፤ ይህን ያህል ላኪ» የሚልን ሰው ሽሹ። ጌታችን ደቀ መዛሙርቱን በከንቱ እንደ ተቀበሉ በከንቱ እንዲሰጡ አዟቸዋል (ማቴ. 10፥8)። ጸሎት ዋጋ አይተመንለትም። ያ ዲናር ሌሊት ተነሥታችሁ፣ ቤት ጠርጋችሁ፣ ልጅ አቅፋችሁ ያገኛችሁት ላባችሁ ነው፤ በእናትና በልጅ አፍ የሚገባ እንጀራ ነው። መስጠት ስትፈልጉ የምታውቁትን አጥቢያ፣ የምታውቁትን ገዳም፣ የምታውቁትን ችግረኛ እርዱ።

ሦስተኛው፣ ስብከትን ከጠብ ለዩ። አገልጋይ ከአገልጋይ የሚሰዳደብበትን፣ ዘርን ከዘር የሚያጋጨውን ቪዲዮ እየተቀባበሉ «ስብከት ሰማሁ» ማለት መርዝ ጠጥቶ ጠበል ጠጣሁ እንደ ማለት ነው። ሰምታችሁት ስትጨርሱ ለመጸለይ ያነሣሣችሁ እንደ ሆነ ሰምታችሁታል። ለመሳደብ ካነሣሣችሁ ዝጉት።

፮. በሰው አገር ሆነን እንዴት እንስበክ?

«እኛ በሰው ቤት ያለን ሠራተኞች ነን፤ ምን ስብከት አለን?» የምትሉ አላችሁ። የንዕማንን ቤት አስቡ (2ኛ ነገ. 5)። ከእስራኤል ተማርካ በሶርያዊው የጦር አለቃ ቤት ለሚስቱ ታገለግል የነበረች ትንሽ ብላቴና ነበረች። ስሟ እንኳ አልተጻፈም። የጌታዋን ለምጽ አይታ አልተደሰተችበትም፤ እንዲድን ተመኘች፤ ለእመቤቷም አንዲት ቃል ተናገረች። ያቺን ቃል እመቤቷ ለምን ተቀበለቻት? የብላቴናዪቱ ሥራና ጠባይ ቀድሞ ስለ መሰከረላት ነው። በጆርጂያም ወንጌልን ያደረሰችው ቅድስት ኒኖ በጥንቱ ታሪክ ምርኮኛ ሴት እንደ ነበረች ተጽፏል።

አንድ ነገር ግን በግልጽ ልንገራችሁ። የዚህ አገር ሕግ ሙስሊሙን ወደ ሌላ ሃይማኖት መስበክን አይፈቅድም። በተፈቀደልን ቦታ እንድናመልክ አገሩ በሩን ከፍቶልናል፤ ይህን በር በእኛ ጥፋት አናዘጋው። ከማዳም ጋር ሃይማኖት አትከራከሩ። የቤቱን ልጆች በስውር አታስተምሩ። ለምን እንደምትጾሚ ብትጠየቂ፣ ቅዱስ ጴጥሮስ እንዳዘዘ በየዋህነትና በአክብሮት መልሺ (1ኛ ጴጥ. 3፥15)፤ በቃ። የታማኝ እጅ፣ የማይሰርቅ ዓይን፣ የማይዋሽ አንደበት ሕግ የማይከለክለው ስብከት ነው።

ዕረፍታችሁንም እወቁ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 68 የቤት ሠራተኞች ሕግ በሳምንት አንድ ቀን ዕረፍት ይፈቅዳል። ውል ስትፈርሙና ስታድሱ ይህን በትሕትና ጠይቁ። ዓርብን ያገኘ ሰው ቅዱስ ጉባኤን ያገኛል።

ታዲያ የእኛ የስብከት እርሻ የት ነው? እንደ ፍሬምናጦስ፣ የተበተኑት አማንያን ናቸው። ክርስትና ተነሥታ፣ ማተብ አስራ፣ አባታችን ሆይን እንኳ ጨርሳ የማታውቅ እኅት በአንድ አፓርታማ አብራችሁ ትኖራለች። በሥራ ፍለጋ መጥቶ በመጠጥ የጠፋ ወንድም አለ። በወላይትኛ፣ በአፋን ኦሮሞ ወይም በትግርኛ ቢነገራት ልቧ የሚከፈት አለች፤ ቋንቋውን የምታውቁ እናንተ ፊልጶስ ሁኑላት።

አቂላና ጵርስቅላን ተመልከቱ (ሐዋ. 18)። ከሮም የተባረሩ ስደተኞች፣ ድንኳን እየሰፉ የሚያድሩ ሠራተኞች ነበሩ። አጵሎስ የሚባል ንግግር አዋቂ ሰባኪ ሲያስተምር ሰሙት፤ ትምህርቱ ግን ገና አልሞላም ነበር። በሕዝብ ፊት አላዋረዱትም። ወደ እነርሱ ወስደው የእግዚአብሔርን መንገድ አጥብቀው ገለጡለት። በስልኩ የሚሰብክ ወጣት ስታዩ እንዲህ አድርጉ፤ ለብቻው ጥሩት፣ ወደ መምህራን አቅርቡት።

ስለ እናቶችም እናገራለሁ። ልጇን ለእናቷ ትታ የመጣች ብዙ ናት። የጢሞቴዎስ እምነት በመጀመሪያ በአያቱ በሎይድ፣ በኋላም በእናቱ በኤውንቄ ውስጥ እንደ ነበረ ቅዱስ ጳውሎስ ይመሰክራል (2ኛ ጢሞ. 1፥5)። አያትየዋ እዚያ ታስተምር፤ አንቺ ደግሞ በየሳምንቱ ስትደውዪ ስለ ጫማና ስለ ትምህርት ቤት ክፍያ ብቻ አትጠይቂ። «በሰንበት ትምህርት ቤት ምን ተማርክ? እስቲ ንገረኝ» በይው። ያ ስልክ በዚያች ሰዓት ዐውደ ምሕረት ነው።

፯. የዚህ ወር ሥራችን

ትምህርት ያለ ሥራ ነፋስ ነውና ከዛሬ ጀምሮ ይህን እናድርግ። በየአፓርታማው፣ በየሰፈሩ ሦስት ወይም አምስት ሆናችሁ የጽዋ ማኅበራችሁን አጽኑ። ዳቦና ሻይ ይበቃል። ጎረቤትን በማያውክ ድምፅ ጸልዩ፤ ከማርቆስ ወንጌል በየጊዜው አንድ ምዕራፍ አንብቡ። ያልገባችሁን ጽፋችሁ ዓርብ ወደ ጉባኤ አምጡት። መምጣት የማትችለውን እኅት በስም ያዟት፤ የሰማችሁትን በድምፅ ንገሯት፣ ጥያቄዋን ተቀብላችሁ አምጡልን። ከዚህ ቻናል የምትሰሙትን ትምህርትም ለመቶ ሰው ከመላክ በፊት ለአንድ ሰው ልካችሁ «ምን ገባሽ?» ብላችሁ ጠይቁ።

ለመወያያ፦
ሀ) ጃንደረባው መጽሐፍ እያለው ምን አጣ? እኛስ?
ለ) ፍሬምናጦስ በመጀመሪያ የሰበሰበው ማንን ነው? በእኛ ዙሪያ እነዚያ እነማን ናቸው?
ሐ) ባለፉት ሦስት ወራት ከጉባኤ የጠፋ የምታውቁት ሰው አለ? መቼ ትደውሉለታላችሁ?

ወደ መጀመሪያው ጥያቄ እንመለስ። ዓርብ ባትመጪ ምን ይጎድልብሻል? ሥጋ ወደሙ፣ ኑዛዜ፣ አብሮ መጸለይ ይጎድልብሻል። አንቺም ትጎድያለሽ፤ ከጎንሽ ልትቀመጥ የመጣችው አዲስ ልጅ የሚመራት ታጣለች። ተከልክለሽ ከሆነ እግዚአብሔር ልብሽን ያያል፤ እኛ እንመጣልሻለን። ተችሎሽ ከቀረሽ ግን ነዪ።

አባ ሰላማን በባዕድ ቤት የጠበቀ አምላክ እናንተንም ከክፉ ሁሉ ይጠብቃችሁ። ያለ ኢቃማ የተጨነቁትን፣ በሆስፒታል ያሉትን፣ በእስር ያሉትን ያስባቸው። ለአገራችን ሰላሙን፣ ለሁላችንም በሰላም ወደ ወገኖቻችን መመለስን ያድለን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።